የቻይና ጥብስ ኑድል በቤት ምድጃ፦ ለምን ይጣበቃል፣ ለምን ውሃ ያቁራል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠያቂዋ ዱከም አካባቢ ካለ የቻይና ምግብ ቤት እያስጠቀለሉ የሚወስዱትን የበሬ ሥጋና ጥቅል ጎመን ያለበትን ጥብስ ኑድል ቤታቸው ለአምስት ሰው መሥራት ይፈልጋሉ። «ኑድሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ መጥበሻው ላይ ውሃ ያቁራል፣ መልኩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያ የሚያውደው የጭስ ሽታም የለውም» ይላሉ። ያላቸው ባለ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የከሰል ምድጃ፣ ብረት ድስትና የማይጣበቅ መጥበሻ ነው። የሶያ ሶሱን ዓይነት መቀየር ይጠቅም እንደሆነ፣ በስፓጌቲ ይሠራ እንደሆነና ለጾም እንዴት እንደሚሆንም ጠይቀዋል።

ሰላም እህታችን። ሶያ ሶሱን ለጊዜው ይተዉት፤ ቢቀይሩት ከመልኩ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። መጣበቁም፣ ውሃ ማቆሩም፣ ሽታ ማጣቱም ምንጫቸው አንድ ነው፦ ምድጃዎ አትንኖ ሊጨርሰው ከሚችለው በላይ ውሃ መጥበሻው ላይ እየገባ ነው።

በቁጥር ላሳይዎት። 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት እንዲለወጥ ወደ 226 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል። ምድጃዎ ከሚሰጠው 1,500 ዋት ግማሹ መጥበሻው ውስጥ ይገባል ብንል፣ ያንን ውሃ ለመጨረስ 5 ደቂቃ ይፈጃል። 100 ሚሊ ሊትር ደግሞ ብዙ አይደለም። በደንብ ሳይንጠፈጠፍ የገባ ፓስታ የያዘው ውሃ፣ ጎመኑ የሚለቀው ጭማቂና ጥቂት ማንኪያ ሶስ ተደማምረው በቀላሉ ያልፉታል። በእነዚያ 5 ደቂቃዎች የመጥበሻው ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ምግቡ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሥጋው ይጠጥራል፣ ጎመኑ ይልፈሰፈሳል፣ ከኑድሉ የሚለቀቀው ስታርችም ሙቅ ውሃ ውስጥ ሙጫ ይሆናል።

ምግብ ቤቶች የሚጠቀሙበት የዎክ፣ ማለትም የጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ፣ ምድጃ እስከ 30 ኪሎዋት የሚደርስ የጋዝ ነበልባል ይሰጣል፤ የእርስዎን ሃያ እጥፍ ማለት ነው። እዚያ አብሳዩ ሁሉንም አንዴ ቢከትተው እንኳ ውሃው በሰኮንዶች ብን ብሎ ይጠፋል። ያንን እሳት ቤት ማምጣት አይቻልም። የሚቻለው መጥበሻው ላይ የሚገባውን ውሃ መቀነስና በአንድ ጊዜ የሚጠበሰውን መጠን ማሳነስ ነው። ለአምስት ሰው የሚሆነውን በአራት ዙር ይጥበሱት። በአንድ ዙር ካደረጉት የትኛውም ሶስ አያድነውም።

የምድጃው ነገር ሲነሳ፣ በከተማው ዳር ባሉ መንደሮች ማታ ማታ የመብራት ኃይል ይወርዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ የሽቦ ምድጃ ሙቀት ሩቡን ያህል ይቀንሳል፤ የእርስዎ 1,500 ዋት ወደ 1,100 ይወርዳል ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የእንጀራ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ለመጥበስ ካሰቡ ከሰሉን ያሰናዱ።

መጥበሻውን በተመለከተ፣ ካሉዎት ሁለቱ አንዱም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማይጣበቀው መጥበሻ ሽፋን ከ260 ዲግሪ ካለፈ መበላሸት ይጀምራል፣ የሚለቀውም ጭስ ለሳንባ ጎጂ ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምናደርገው ባዶውን መጥበሻ አጥብቆ ማጋል ነው። ብረት ድስት የምንለው ስስ አሉሚኒየምም ሙቀት አይቋጥርም፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲያርፍበት ወዲያው ይበርዳል፣ ኑድሉንም ይዞ ያስቀራል። የሚያስፈልግዎ ሽፋን የሌለው፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሰፊ የብረት መጥበሻ ወይም ዎክ ነው። ቆሎ የሚቆላበት ሰፊ የብረት ምጣድ ቤት ካለ እሱ ከብዙ ውድ መጥበሻ ይሻላል። ታቹ ክብ የሆነው ዎክ ለከሰል እንጂ ለኤሌክትሪክ ምድጃ አይሆንም፤ ምድጃውን የሚነካው መሐሉ ብቻ ነውና ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል።

አዲስ የብረት መጥበሻ መሟሸት አለበት። የፋብሪካ ዘይቱ እስኪለቅ በሳሙናና በሽቦ ይፈግፍጉት፣ እሳት ላይ ያድርቁት፣ በጨርቅ ስስ ዘይት ቀብተው ጭሱ እስኪያልቅ ያግሉት። ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ከተቀባ ይጓጉልና በኋላ ይላጣል፤ ቀብተው ሲጨርሱ መልሰው የጠረጉት እስኪመስልዎት ድረስ መሳሳት አለበት።

አሁን ወደ ኑድሉ። በስፓጌቲ ይሠራል፣ ግን በቤኪንግ ሶዳ መቀቀል አለበት። የቻይና የስንዴ ኑድል ቢጫ መልኩንና ሲነከስ የሚመልሰውን ጥንካሬ የሚያገኘው ሊጡ ላይ ከሚጨመር አልካሊ፣ ማለትም ከአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ ሶዳው ይህንኑ ከውጭ በኩል በከፊል ይሰጠዋል። ለአምስት ሰው 500 ግራም ስፓጌቲ በቂ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ቀጭኑን ይምረጡ፣ በሁለት ዙርም ይቀቅሉት። ለእያንዳንዱ 250 ግራም ሁለት ሊትር ተኩል ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 14 ግራም፣ ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደር አይተካውም፤ ውስጡ ያለው አሲድ ሶዳውን ያከሽፈዋል። ሶዳው ሲገባ ውሃው አረፋ አንስቶ ስለሚገነፍል ድስቱ ጠለቅ ያለ ይሁን። አሉሚኒየም ድስት በሶዳ ይጠቁራልና ስቴንለስ ወይም ኢናሜል ይጠቀሙ። ጨው አይጨምሩ፤ ጨውን ሶሱ ይዞት ይመጣል። ሶዳውን ከመጠኑ ቢያሳልፉት ኑድሉ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ስንት ደቂቃ ይቀቀል? ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት፣ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ላለ ቦታ ነው፤ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። እናንተ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ወደ 91 ይወርዳል፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፓስታ እዚህ አገር ከተጻፈው አንድ ሁለት ደቂቃ አብልጦ ይፈልጋል። ለጥብስ ግን ጨርሶ መብሰል የለበትም። የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ አንድ ዘንግ አውጥተው በጥርስ ይቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ይዩ። መሐሉ ላይ ዱቄት የመሰለች ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ የመርፌ ጫፍ እስክታህል ድረስ በየ30 ሰኮንዱ እየቆረጡ ይጠብቁ፣ ስታህል ያውጡት። ነጥቧ ጨርሳ ከጠፋች ኑድሉ መጥበሻ ላይ ይሰባበራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ኑድሉን ወንፊት ላይ ገልብጠው በቀዝቃዛ ውሃ እጅዎን አስገብተው እያሹ ይጠቡት። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ እንደ አጓት ድፍርስ ነው፤ ድፍርሱ ስታርች፣ ማለትም የሙጫው ጥሬ ዕቃ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ አያቁሙ። ከዚያ ወንፊቱን ደጋግመው ያራግፉ። ሰፌድ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ኑድሉን በጣት እየለያዩ በስሱ ይዘርጉት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። በመሐል አንዴ ይገልብጡት፤ ጨርቁ ውሃውን ስለሚመጥ ከሥር ያለው እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሲነኩት እጅ ላይ የማይለጠፍ ግን ሳይሰበር የሚታጠፍ ሲሆን ደርሷል። ዘይት የሚነካው ያኔ ነው፤ ለ500 ግራሙ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። እርጥብ ሳለ ዘይት ከቀቡት ውሃው ከሥር ታፍኖ ይቀርና ሁሉንም መጥበሻው ላይ ይለቀዋል። ጊዜ ካለዎት ከዋዜማው ቀቅለው ፍሪጅ ውስጥ ሳይከድኑ ያሳድሩት፤ ቀዝቅዞ ያደረ ኑድል ስታርቹ ስለሚጠነክር ከሁሉ የተሻለ ይጠበሳል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈርም ይህ ይመቻል፤ መቀቀሉ ጠዋት፣ መጥበሱ ማታ ይሆናል።

500 ግራም ደረቅ ስፓጌቲ ሲበስል ወደ 1,100 ግራም ይሆናል። ለአራት ሲከፈል አንዱ ዙር 275 ግራም ነው፤ ምድጃዎ የሚችለውም ይህን ያህል ነው።

ስለ ሌሎቹ ዓይነቶች በአጭሩ። በማሸጊያ የሚሸጠው የእንቁላል ኑድል ካገኙ ሶዳ አያስፈልገውም፤ ሦስት አራት ደቂቃ ቀቅለው በዚያው መንገድ ያጥቡት፣ ያድርቁት። ኢንዶሚ የመሰሉት ፈጣን ኑድሎች ፋብሪካው ውስጥ በስለው በዘይት የተጠበሱ ስለሆኑ ደቂቃ ተኩል ይበቃቸዋል፤ የቅመም ከረጢቱን አይጠቀሙ፣ ከሶያ ሶስ ጋር ሲደመር ጨው ይበዛል። የሩዝ ኑድል ለደካማ እሳት አይሆንም፤ ብርቱ እሳት ካላገኘ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቤት የሚዘረጋው ነው፤ ሙያውም ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ቤኪንግ ሶዳውን ወደ ጠንካራው አልካሊ መለወጥ ያስፈልጋል፦ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው 130 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ያጣል፤ 100 ግራሙ 63 ግራም ገደማ ሲሆን ተለውጧል። የተለወጠው ዱቄት ቆዳና ዓይን ያቃጥላልና በእጅ አይንኩት፣ ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው ስሙን ይጻፉበት። ለ300 ግራም ፉርኖ ዱቄት ከዚህ 3 ግራም፣ ጨው 3 ግራም፣ ውሃ 125 ሚሊ ሊትር ይግባ። ሁለቱን ውሃው ውስጥ አሟሙተው ዱቄቱን ያርሱት። ሊጡ ፍርፍር ያለና ደረቅ ይሆናል፤ ውሃ አይጨምሩለት። በላስቲክ ሸፍነው አንድ ሰዓት ሲተዉት ራሱ ይሰበሰባል። ከዚያ አሽተው፣ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ 2 ሚሊ ሜትር እስኪሳሳ ዳምጠው፣ የበቆሎ ስታርች ነስንሰው፣ አጥፈው በቀጭኑ ይቁረጡት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀቀላል። ይህ መጠን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ነው።

ሥጋው። የኛ አገር በሬ ሥጋ ስብ የሌለውና ጠንካራ ስለሆነ ዝም ብሎ ቢጠበስ ለማኘክ ያስቸግራል። ጭቅና ከሆነ ምንም አይፈልግም። ሽንጥ ወይም ታፋ ከሆነ 400 ግራሙን ፍሪዘር ውስጥ 40 ደቂቃ ያህል ያጠንክሩትና የሥጋውን ክሮች አግድም አቋርጠው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ ይቁረጡት። በክሮቹ አቅጣጫ ከተቆረጠ ምንም ቢያሹት አይለሰልስም። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ አድርገው ውሃውን እስኪመጥ በእጅ ይሹት። ቀጥሎ 2 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ መጨረሻ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይግባ። 30 ደቂቃ ይረፍ። ሶዳው የሥጋው ላይኛ ክፍል በእሳት ሲነካ ጥብቅ ብሎ ውሃውን እንዳይተፋ ያደርገዋል፤ ስታርቹ ደግሞ ስስ ልባስ ይሆነዋል። የምግብ ቤቱ ሥጋ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ነው። ሶዳው ከዚህ ከበዛ ግን ሥጋው ጉበት ጉበት የሚል ልስላሴ ያመጣል።

አትክልቱ ላይ ብዙ አልቆይም፦ 400 ግራም ጥቅል ጎመን በጣት ስፋት ተቆርጦ፣ ሁለት ካሮት እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ባሮ፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል። ከመጠበሱ ሁለት ሰዓት ቀድመው አጥበው ያንጠፍጥፉት፤ ታጥቦ ወዲያው የገባ ጎመን ውሃ ይዞ ይገባል። ቲማቲም አይገባም።

ምግብ ቤቱ ኑድል ውስጥ የሚያገኙት ነጭ፣ ቀጭን፣ ቆርፈድ የሚል ቡቃያ ከማሾ የሚወጣ ነው፤ ያው በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላ የሚመረተው ማሾ። አንድ ስኒ ማሾ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ጨለማ ቦታ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው በቀን ሦስት ጊዜ ቢያጥቡት በአምስት ቀን ገደማ ይደርሳል። በክረምት ብርድ አንድ ሁለት ቀን ይጨምራል። ከላዩ ክብደት ካደረጉበት ግንዱ ይወፍራል፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል። ጥሬውን አይብሉት፤ በሚያቆጠቁጥበት ሙቀትና እርጥበት ባክቴሪያም ይራባል።

ሶሱን አስቀድመው በአንድ ኩባያ ይቀላቅሉ፤ መጥበሻው ሲግል ጠርሙስ ለመክፈት ጊዜ የለም። ለአምስት ሰው፦ ቀጭኑ ሶያ ሶስ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ጥቁሩና ወፍራሙ ሶያ ሶስ 4 የሻይ ማንኪያ፣ የኦይስተር ሶስ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር 2 የሻይ ማንኪያ፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ። ለአንድ ዙር ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይደርሰዋል። በዚህ ውስጥ 15 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ሌላ ጨው አይጨመርም። ምግብ ቤቶች ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ኤምኤስጂ የሚባለውን ነጭ የጣዕም ማጉያም ያደርጋሉ፤ የያዘው ሶዲየም ከጨው ሲሶ ነው፣ ጣዕሙንም በእውነት ያጎላዋል። በሱ ፋንታ የሾርባ ኪዩብ የሚያደርጉ ከሆነ ኪዩቡ አብዛኛው ጨው ስለሆነ ከቀጭኑ ሶያ ሶስ አንድ ማንኪያ ይቀንሱ።

መልኩ የሚነጣው በዚህ ነው፦ የሚጠቀሙት ቀጭኑን ሶያ ሶስ ብቻ ነው። እሱ ጨው ይሰጣል እንጂ አያጠቁርም። ለማጥቆር ብለው ሲጨምሩ ጨው ይበዛና መልኩ እንደነበረ ይቀራል። ጥቁሩን ካጡ 50 ግራም ስኳር ስቴንለስ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ያቅልጡ፤ እንደ ጠቆረ ቡና ሲሆን ከእሳት አውርደው ከራቅ ብለው 50 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ያፍስሱበት። አጥብቆ ይረጫልና ፊትዎን ያርቁ። ከዚህ 2 የሻይ ማንኪያ ለአምስት ሰው ኑድል ይበቃል፤ የቀረው ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እሱን ሲጠቀሙ ከሶሱ ስኳር ይቀንሱ።

ዘይቱ የሱፍ ወይም የሶያ ይሁን። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ይጫነዋል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ኑድሉ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ሰም ሰም ይላል። የሰሊጥ ዘይት መጥበሻ ዘይት አይደለም፤ ተቆልቶ የተጨመቀው ጥቁሩ ዓይነት ከእሳት ሲወርድ ጠብ ጠብ የሚደረግ መዓዛ ነው። ሳይቆላ የተጨመቀው ነጣ ያለው ያንን ሽታ አይሰጥም፤ እሱ ብቻ ካለዎት አንድ ማንኪያ ሰሊጥ ቆልተው ከላይ መነስነስ ይሻላል።

መጥበሱ። መጥበሻውን ባዶውን ያግሉ። ጠብታ ውሃ ሲጥሉበት ተኖ ከመጥፋት ይልቅ ድቡልቡል ብሎ የሚንከባለል ከሆነ ግሏል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያድርጉ፤ ስስ ጭስ ማንሳት ሲጀምር ከሥጋው ግማሹን በአንድ ንብርብር ይዘርጉና እጅዎን ይሰብስቡ። 45 ሰኮንድ ሳይነኩት ይቆይ፣ ገልብጠው ሌላ 20 ሰኮንድ፣ ለብለብ እንዳለ ያውጡት። በኋላ ከኑድሉ ጋር ይጨርሳል። ሁለተኛውን ግማሽ ይድገሙ።

መጥበሻውን መልሰው ያግሉ። ካሮትና ጎመኑን በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱን ከደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ያገላብጡ። ሽንኩርቱ ከነሱ ጋር ይገባል። የወጥ ልማድ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ሽንኩርት አስቀድሞ ማቁላላት፣ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ መክደን፣ እሳት መቀነስ ለወጥ የሚሆኑ ለዚህ ግን የማይሆኑ ናቸው። ሽንኩርቱ ጥሬነቱ ሳይለቀው ጠርዙ ብቻ መጥቆር አለበት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አትክልቱ ሊወጣ 20 ሰኮንድ ሲቀረው ይግቡ፤ መጀመሪያ በጋለ ዘይት ላይ ከገቡ ወዲያው ይከስላሉ፣ ምሬታቸውም ሁሉን ይይዛል። ቡቃያው የሚገባው መጨረሻ ላይ ከኑድሉ ጋር ነው።

አሁን ኑድሉ፣ ሩቡ ብቻ። መጥበሻው ይጋል፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ኑድሉን ዘርግተው ከ60 እስከ 90 ሰኮንድ አይንኩት። እዚህ ጆሮ ይጠቅማል፦ ስል የሆነ የማያቋርጥ ቸስታ ከሰሙ እየተጠበሰ ነው፤ ድምፁ ወፍሮ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ውሃ አለና የሚቀጥለውን ዙር ያሳንሱ። ከሥር ቡናማ ነጠብጣብ ሲይዝ ገልብጠው ሌላ አንድ ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ የሥጋውንና የአትክልቱን ሩብ፣ ትንሽ ቡቃያ ይመልሱ። ኑድሉን ወደ መሐል ሰብስበው ሁለት ማንኪያ ሶሱን ባዶው የመጥበሻ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ያፍስሱት፤ የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ጭሶ ይቀላል። ወዲያው በሁለት እጅ፣ በመቆንጠጫና በጭልፋ፣ ከሥር ወደ ላይ እያነሱ 30 ሰኮንድ ያገላብጡ። ባሮውን ነስንሰው፣ የሰሊጥ ዘይት ሩብ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርገው ያውጡ። አራቱም ዙር፣ ሥጋውንና አትክልቱን ጨምሮ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው መጥበሻውን አይጠቡት፤ የያዘውን በእንጨት ጭልፋ ፍቀው በጨርቅ ይጥረጉት።

የሚያውደው ሽታ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንዱ ሶያ ሶሱ የጋለ ብረት ላይ ሲቃጠል የሚያወጣው ነው፤ ጠርዝ ላይ ያፍስሱ ያልኩትም ለዚህ ነው። ሌላው ምግቡ ወደ ላይ ሲወረወር ጠብታ ዘይት ነበልባል ውስጥ ገብቶ ሲነድ የሚመጣው ነው፤ ኤሌክትሪክ ምድጃ ነበልባል ስለሌለው ይህንን አይሰጥም። ጥቁር ሆኖ የቀረ እስከማይገኝ ሙሉ በሙሉ ፍም የሆነ ከሰል፣ በማራገቢያ እየተራገበ፣ በጣም ያቀርብዎታል። ግን ከሰሉ ቤት ውስጥ፣ የተዘጋ በረንዳ ላይም ቢሆን አይሁን። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ግቢ ላይ ወይም ግራና ቀኙ ክፍት በሆነ የጋራ ማብሰያ ይውጡ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ አይድፉበት፤ በክዳን ይድፈኑት፣ መጥበሻውንም አያንቀሳቅሱ።

ለጾም ሲሆን ሦስት ነገር ይታያል። ደረቅ ስፓጌቲ አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፤ የእንቁላል ኑድል ግን ስሙ እንደሚለው ነው። የኦይስተር ሶስ ከባሕር ፍጥረት የሚሠራ ስለሆነ ይወጣል። በምትኩ 200 ግራም እንጉዳይ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀቅለው ውሃው አንድ ስኒ እስኪቀር ያንተክትኩት፣ ያጥልሉት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስና 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምረው ወፈር እስኪል ይቀቅሉት፤ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። በሥጋው ቦታ 400 ግራም እንጉዳይ በእጅ ተሰንጥቆ ይግባ። እንጉዳይ ከጎመን የባሰ ውሃ ስለሚለቅ ለብቻው፣ ያለ ጨው፣ በሦስት ዙር፣ ውሃው ጠፍቶ ጠርዙ እስኪቀላ ይጠበስ። የሾርባ ኪዩብ የሚጠቀሙ ከሆነ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የዶሮ ወይም የወተት ዱቄት ያለባቸው አሉ።

ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ መጥበሻው ላይ አይግባ፤ በዚያ ሙቀት ይከስላል፣ ቤቱንም ያስነጥሳል። የሚያቃጥል የሚወዱ በየሳህናቸው ይጨምሩ።

የተረፈው ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ ሦስት ቀን ይቆያል። ለልጆች ምሳ ዕቃ የሚሆነውን ሳይቀዘቅዝ አይክደኑት፤ የታፈነው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ይሆንና ኑድሉን ያላላዋል። ሲያሞቁት በጋለ መጥበሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አድርገው ሁለት ደቂቃ ያገላብጡት፤ ማይክሮዌቭ ከሆነ አንድ ማንኪያ ውሃ ረጭተው ከደን አድርገው ያሙቁት።